የመርዶ ወረቀት የሚያስነብበው መምህር

ራንጌል ስቶይኮቭ ማንበብ የተማረው ከሙታን ነው። ይህን ሲናገር ተማሪዎቹ ይስቁ ነበር፤ እሱ ግን ቀልዱን አልነበረም። እናቱ ትምባሆ ለቃሚ ነበረች፤ ፊደል አልቆጠረችም። ማታ ማታ ከማሳ ሲመለሱ፣ በመንደራቸው በየበሩና በየመብራት ምሰሶው የተለጠፉትን የመርዶ ወረቀቶች በአገጭዋ እያመለከተች «ይቺን ደግሞ አንብብልኝ» ትለዋለች። ሰው ሲሞት ፎቶግራፉ ያለበት ወረቀት ይለጠፋል፤ በአርባው ሌላ፣ በመንፈቁ ሌላ፣ በሙት ዓመቱ ሌላ፤ ከዚያም ዘመድ እስካልረሳ ድረስ በየዓመቱ። ስለዚህ ልጁ የሚያነበው አጥቶ አያውቅም።

«ደግ አባት፣ ታታሪ ገበሬ፣ ለጎረቤቱ የሚራራ…» ብሎ በጣቱ እየተከተለ ያነብላታል።

«ስሙን ማን አልከኝ?»

ስሙን ይነግራታል። እናቱ ትስቃለች። «እሱ ነው ለጎረቤቱ የሚራራው? የአህያችንን እግር የሰበረው?» ከዚያ ጥቂት ትራመድና ትቆማለች። «ለነገሩ ለልጆቹ ደግ ነበር። የጻፉትም ልጆቹ ናቸው።»

ራንጌል ለሠላሳ አራት ዓመት ያስተማረው ትምህርት ከዚህች ንግግር ወጣ ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። እሱ ራሱም የሚያመሰግናቸው ሰዎች ሲቆጠሩ፣ ከዩኒቨርሲቲ መምህራኖቹ አስቀድሞ የሚጠራው ያቺን ማንበብ የማትችል ሴት ነበር።

ያስተማረው ጎርና ቮድና በምትባል ትንሽ ከተማ፣ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ልጆቹ ዘጠነኛ ክፍል ሲደርሱ የክርክር ድርሰት መጻፍ ይጀምራሉ። የመጀመሪያ ድርሰታቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ያዩትም፣ የወደዱትም፣ የጠረጠሩትም፣ ይደረግ ያሉትም በአንድ ድስት ተቀቅሎ ይመጣል። ስለዚህ ትምህርት በተከፈተ በሁለተኛው ሳምንት ራንጌል ክፍሉን አስከትሎ ወደ አውቶቡስ ፌርማታው ይወርዳል። በፌርማታው ግድግዳ ላይ ሃያ የመርዶ ወረቀት አይጠፋም።

አንዲት እናት ርእሰ መምህሩ ዘንድ ሄዳ ከሳው ነበር። «ልጄን ቋንቋ ይማር ብዬ ብልከው፣ ሬሳ ያስቆጥርልኛል?»

ርእሰ መምህሩ ራንጌልን አስጠርቶ «ምን ልበላት?» አለው።

«በመጽሐፉ ውስጥ ያለውን ሰው ማንም አያውቀውም፤ ስለዚህ ልጆቹ ዝም ብለው ይገለብጣሉ። ፌርማታው ላይ ያለውን ግን ሁሉም ያውቀዋል፤ ስለዚህ ይከራከራሉ።»

ርእሰ መምህሩ መስኮቱን አየት አደረገና «ዝናብ ሲሆን ብቻ አትውሰዳቸው» ብሎ ተወው። ይህም ሰው ከሚመሰገኑት አንዱ ነው፤ ብዙ አለቃ እንዲህ በቀላሉ አይተውም።

ትምህርቱ ራሱ ከባድ አይደለም። ሰው ሲከራከር የሚናገረው ቃል አራት ዓይነት ነው ይላቸዋል። የዓይን ቃል አለ፤ «በሰባ ስምንት ዓመቱ አረፈ» የሚል። እሱን «ማን አየ?» ብለህ ትጠይቀዋለህ። የልብ ቃል አለ፤ «ደግ ነበር» የሚል። እሱን «በማን ሚዛን?» ትለዋለህ። የጣት ቃል አለ፤ «ይህ የሆነው በእከሌ ምክንያት ነው» ብሎ የሚጠቁም። እሱን «ያ ባይሆንስ ኖሮ?» ብለህ ትይዘዋለህ። የእግር ቃል ደግሞ «ተነሡ፣ እንዲህ እናድርግ» ይላል፤ እሱን «ማን ይሸከመዋል?» ትለዋለህ። አራቱም የተከበሩ ቃላት ናቸው። የዓይን ቃል ከልብ ቃል ይበልጣል የሚል ተማሪ ከተገኘ ራንጌል ይቆጣል። ጥፋት የሚመጣው አንዱ በሌላው ስም ሲገባ ነው። «በተለይ ጣትን ጠብቁ» ይላቸው ነበር፤ «ጣት ሁልጊዜ ዓይን ነኝ ብሎ ነው በሩን የሚያንኳኳው።»

አንድ ዓመት ክፍሉ ውስጥ ዝላቲና የምትባል ምላሰኛ ልጅና ካሜን የሚባል አጭር፣ ሁልጊዜ የሚርበው ልጅ ነበሩ። ራንጌል ፌርማታው ላይ አቆማቸውና ካሜንን የሥጋ ሻጩን ወረቀት አስነበበው።

«‹የማይረሳው ሥጋ ሻጫችን፣ ታማኝ ነጋዴ› ይላል።»

«ምን ቃል ነው?»

«የልብ።»

«የዓይን ነው!» አለች ዝላቲና ከኋላ። «ሚዛን እኮ ይታያል። አክስቴ ሥጋውን ቤት ወስዳ መዘነችው፣ መቶ ግራም ጎድሎ አገኘችው። የምን ታማኝ፣ ሌባ እንጂ!»

ክፍሉ ሳቀ። ራንጌል ሳቁ እስኪያልፍ ጠበቀ። «ስንት ቀን መዘነች?»

«አንድ ቀን።»

«እንግዲያው አንድ ቀን መቶ ግራም ጎደለ፤ ይህ የዓይን ቃል ነው። ሌባ ነው ማለትሽስ?»

«እሱማ የ…» ዝላቲና ቆመች። «ቆይ።»

«ቆይ ማለትሽ ደግ ነው። አትቸኩዪ።»

«ጋሼ፣ ሥጋውን ድመቷ በልታው ቢሆንስ?» አለ ካሜን።

«አክስቴ ድመት የላትም!»

«የጎረቤት ድመት።»

«የጎረቤት ድመት በር ከፍታ ገባች? አንተ ስለራበህ ሁሉም ሰው ሥጋ ሲሰርቅ ነው የሚታይህ!»

እንዲህ እየተሟገቱ ደወሉ አለፋቸው። ራንጌል ያን ቀን ሲመለስ ደስ ብሎት ነበር። ሚስቱ ነድያልካ የትምህርት ቤቱ ምግብ አብሳይ ነበረች፤ ምሳ ሰዓት ላይ ጭልፋዋን ይዛ ከወጥ ቤቱ መስኮት ብቅ አለችና «ዛሬ ደግሞ ማንን ቀብራችሁ መጣችሁ?» አለችው።

ከዚህች ሴት ጋር አርባ አንድ ዓመት ኖሯል። ጡረታ የወጡት በአንድ ሰኔ ነው። ከዚያ በኋላ አትክልት ተከሉ፣ በመከር ቃሪያ ጠብሰው በብርጭቆ ዕቃ አሸጉ፣ ክረምት ሲሆን እሷ ሹራብ ትሠራለች፣ እሱ የጋዜጣውን የቃላት እንቆቅልሽ ይሞላል። ያ ዘመን ከራሱ ጋር ሲነጋገር «ተርፎ የተሰጠኝ» የሚለው ዘመን ነው።

ከዚያ ያ የየካቲት ጠዋት መጣ። ሌሊቱን ሙሉ በረዶ ጥሎ ነበር። ነድያልካ ጓሮ ውስጥ ወደቀች። ራንጌል ለአምቡላንስ ሲደውል የወጥ ቤቱ ሰዓት ሦስት ከአሥር ይላል፤ አምቡላንሱ ሲደርስ ለአራት ሦስት ደቂቃ ጉዳይ። አርባ ሰባት ደቂቃ። ከአምቡላንሱ የወረደው ጤና ረዳት ያ ካሜን ነበር፤ አድጎ፣ ፀጉሩ ከፊት ሸሽቶ። ለራንጌል ቦታ ስላልነበረ ጎረቤቱ ሚንቾ በመኪናው አስከትሎ ወሰደው። ሆስፒታል ሲደርሱ አልፋለች።

በሳምንቱ ሚንቾ ራኪያ፣ ያን የፍራፍሬ አረቄ፣ ይዞ መጣ። ሚንቾ ክፉ ሰው አይደለም፤ ያገኘውን ወሬ ሳያደርስ ማደር የማይሆንለት ሰው ነው።

«ልንገርህ አልንገርህ ብዬ ሳወጣ ሳወርድ ሰነበትኩ» አለ። «አምቡላንሱ ያን ጠዋት ታች ዳቦ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ነበር አሉ። በአይብ የተጋገረ ባኒትሳ ሲገምጡ።»

«ማን አለ?»

«ዳቦ ጋጋሪዋ ናታ! ከአፏ ነው የሰማሁት።»

ራንጌል ሌላ ጥያቄ አልጠየቀም። በሕይወቱ ውስጥ ሌላ ጥያቄ ሳይጠይቅ የቀረው ያን ቀን ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ከዚያ በኋላ ካሜን ከፊቱ ሲመጣ መንገድ ይሻገራል። ሰላም ሲለው አይሰማም። ምንም አልተናገረም፤ አንድ ቃል ከአፉ አልወጣም። ግን ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ «ሳታጣሩ ጣት አትቀስሩ» ሲል የኖረ ሰው አንድን ሰው ሰላም ከነሣ፣ ከተማው የራሱን መደምደሚያ ያደርጋል። መምህሩ ያለ ምክንያት አያደርገውም ተባለ። ወሬው ዞረ። ሲደውሉ «ካሜንን ብቻ እንዳትልኩብን» የሚሉ ሰዎች መጡ። በጥር ወር ሚንቾ እንደገና አንድ ነገር ይዞ ገባ፦ ካሜን ጀርመን አገር ሥራ አመልክቷል። «ኅሊናው ነው የሚያስሮጠው» አለ ሚንቾ።

የነድያልካ ሙት ዓመት ሊደርስ አሥር ቀን ሲቀረው ራንጌል ወረቀቷን ጻፈ። ብዙ አልጻፈም፦

«አንድ ዓመት ያለ ነድያልካ። ውድ ሚስት፣ የስንቱ ልጅ መጋቢ። አምቡላንሱ መንገድ ላይ ስለቆመ ሞተች። የቆመው ሰው ራሱን ያውቃል።»

ይህን ይዞ ፖስታ ቤቱ አጠገብ ወዳለችው ማተሚያ ሱቅ ሄደ። የሱቁ ባለቤት ያቺ ዝላቲና ናት። የሠርግ ጥሪና የሱቅ ማስታወቂያ ታትማለች፤ ይበልጡን ግን የመርዶ ወረቀት ነው። መነጽሯን አድርጋ አነበበች። ሁለተኛ አነበበች።

«ፎቶግራፉ ያው የአርባው ነው ጋሼ?»

«ያው ነው።»

«እሺ።» እጇ ግን ኮምፒውተሩ ላይ አላረፈም።

«ምነው?»

«ሦስተኛው መስመር ምን ቃል ነው?»

ራንጌል ቆቡን ከጠረጴዛው ላይ አነሣ። «ዝላቲና፣ ዛሬ ትምህርት ለመማር አልመጣሁም።»

«እኔም መምህር ሆኜ አላውቅም። በርስዎ ክፍል ሁለት ዓመት የወደቅሁ ሰው ነኝ።»

«አንድ ዓመት ነው የወደቅሽው።»

«ሁለት ነው። አንዱን አዝነው አሳለፉኝ።»

በሌላ ቀን ቢሆን ይስቅ ነበር። «ካሜን ጓደኛሽ ስለሆነ ነው እንዲህ የምትዪኝ።»

«ጓደኛዬ ነው፣ አልክድም። ግን ማሽኑ የሰጡትን ያትማል፤ ይህንንም ያትማል። እኔ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ፣ ከዚያ ስንት ቅጂ እንደሚፈልጉ ይነግሩኛል። ሲቆም ማን አየ?»

«ሚንቾ።»

«ጋሽ ሚንቾ እዚያ ነበሩ?»

«ከዳቦ ጋጋሪዋ ሰምቶ ነው።»

«እርስዎስ ጠየቋት?»

ራንጌል ቆቡን ደፋ። ዓመቱን ሙሉ ታች ዳቦ ቤት አልረገጠም፤ ከላይኛው ሱቅ ያን ላስቲክ የመሰለ ዳቦ ሲገዛ ከርሟል።

«ሌላ ማተሚያ አለ» አለና ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

«አለ፣ ትልቁ ከተማ። አውቶቡሱ ሰባት ሰዓት ላይ ነው» አለች ዝላቲና። «ከተቆጡኝም ይቆጡኝ ጋሼ። ያን ወረቀት ተለጥፎ አይቼ ከምታመም ይሻለኛል።»

ራንጌል ፌርማታው ላይ ቆሞ ጠበቀ። ከፊቱ ግድግዳው ነው። የሥጋ ሻጩ ወረቀት ከተነሣ ቆይቷል፤ በቦታው ሌሎች መጥተዋል። የነድያልካ ወረቀት የት እንደሚለጠፍ በዓይኑ ቦታ መረጠላት፤ ከጣሪያው ሥር፣ ዝናብ የማያገኛት ቦታ። አንድ መምህር አንድ ቀን ተማሪዎቹን ይዞ መጥቶ «ያቺን አንብቡ፣ ሦስተኛው መስመር ምን ቃል ነው?» ሲላቸው ታየው። ልጆቹ አያዝኑለትም፤ በዚያ ዕድሜ ማንም አያዝንም። አንዱ እጁን አውጥቶ «የጣት ነው፤ ምስክር የለውም» ይላል። ትክክል ይሆናል።

አውቶቡሱ መጣ፤ ተሳፈረ። ታችኛው ሰፈር ዳቦ ቤቱ አጠገብ ሲደርስ «ወራጅ» አለ።

ዳቦ ጋጋሪዋ ጎስፖዲንካ ክንዷ እስከ ክርኗ ዱቄት ነበር። «መምህር! ምነው ጠፉ? ሞቱ ብዬ ወረቀትዎን ስፈልግ ነበር እኮ!»

«አልሞትኩም እትዬ ጎስፖዲንካ። አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ባለፈው ዓመት፣ ነድያልካ የሞተች ቀን፣ አምቡላንሱ እዚህ በር ላይ ቆሞ ነበር?»

«ቆሞ ነበር።»

ራንጌል በውስጡ አንድ ነገር ሲረጋ ተሰማው። በኋላ ሲያስበው በዚያች ቅጽበት የተሰማው ነገር ደስታ መምሰሉን ነው ያፈረበት። «ስንት ደቂቃ?»

«ደቂቃ ማን ይቆጥራል? ሰንሰለት እስኪያስሩ ነዋ። ዳገቱ መስተዋት ሆኖ፣ ሁለቴ ወጥቶ ሁለቴ ተንሸራቶ ወደ ደጄ ተመለሰ። ሾፌሩ የሚሳደበው ስድብ፣ እግዜር ይቅር ይበለው! ያ አጭሩ ልጅ በረዶው ላይ በደረቱ ተኝቶ ሰንሰለቱን ጎማው ላይ ሲያስገባ ጓንቱ ተቀዶ እጁ ደማ። እኔ ከምድጃው አመድ በባልዲ እያወጣሁ ከጎማው ሥር በተንኩላቸው። ተገፍቶ ነው የወጣው፤ እኔም ገፍቻለሁ፣ በዚህ ወገቤ!»

«ባኒትሳስ?»

«የምን ባኒትሳ?»

«ቆመው ባኒትሳ በሉ ተባለ።»

«ማን ነው ያለው?» ከዚያ ራሷ ገባትና ጭኗን በእጇ መታች፤ ዱቄቱ ቦነነ። «ሚንቾ! እኔ ለሚንቾ ያልኩት ‹አምቡላንሱ ደጄ ላይ ቆሞ እነሱን ሳግዝ አንድ ትሪ ባኒትሳ ምድጃ ውስጥ አረረብኝ› ነው! የአምላክ ያለህ! ያንን ነው አብልቷቸው የመጣው?»

ራንጌል የደንበኛ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። «ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን አልነገሩኝም?»

«ማን ጠየቀኝ?» አለች። ሻይ ቀዳችለት፤ ትኩስ ዳቦ ቆርሳ ጨው ነስንሳ አጠገቡ አስቀመጠች። ራንጌል በላ። ከዓመት በኋላ የበላው ደህና ዳቦ ነበር፤ እንደዚያ እያፈረም ቢሆን ጣፈጠው።

ቤት ገብቶ መሳቢያውን ከፈተ። ሐኪሙ የሰጠው ወረቀት ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ እንደታጠፈ ነው። ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ሥር ተቀዶ ነበር ይላል። ሐኪሙ ያን ቀን በቃሉም ነግሮት ነበር፦ «እዚሁ አልጋ ላይ ተኝተው ቢሆን እንኳ እናድናቸው ነበር ብዬ አላስብም።» ራንጌል ያኔ ሰምቶታል፤ ግን «አላስብም» የሚለውን ቃል ይዞ ነበር የወጣው። አላስብም ማለት አላውቅም ማለት ነው ብሎ። አርባ ሰባቱን ደቂቃ በዚያች ቀዳዳ አስገባ።

አሁን ግን ጥያቄውን እስከ መጨረሻው ጠየቀው። ያ ባይሆንስ ኖሮ? ሰንሰለቱ ሦስት ደቂቃ ቢፈጅስ? ዳገቱ ደረቅ ቢሆንስ? ጥያቄው አንዴ ከተነሣ እሱ በፈለገው በር ላይ ብቻ አይቆምም። ያን ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነድያልካ «ትከሻዬ መሃል ወጋኝ» ብላው ነበር። እሱ ከጋዜጣው ቀና ሳይል «ትናንት እንጨት ስትሸከሚ ውለሽ ነው» አላት። እንደዚያ ባይልስ ኖሮ? ያን ጊዜ ቢደውልስ? ዓመቱን ሙሉ ጣቱን ወደ ካሜን ቀስሮ ሲይዝ፣ ያንን ጣት ወደ ራሱ እንዳይዞር አጥብቆ መያዙ እንደነበር አየ። ለዚህ መልስ የሚሰጥ ወረቀት መሳቢያው ውስጥ አልነበረም። ከዚያ ያዘጋጀውን የሙት ዓመት ወረቀት ገልብጦ በጀርባው አዲስ ጻፈ።

በማግስቱ ዝላቲና ሱቋን ስትከፍት በሩ ላይ ቆሞ አገኘችው። ተቀበለችውና አነበበች።

«አንድ ዓመት ያለ ነድያልካ። ሃያ ስድስት ዓመት የዚህን ከተማ ልጆች አብልታለች። በዚያ የበረዶ ጠዋት ወደ እሷ ለመድረስ እጅ እስኪደማ ሰንሰለት ላሰሩት ለካሜንና ለሾፌሩ፣ አመድ ለበተነችውና መኪናውን ለገፋችው ለጎስፖዲንካ፣ ባሏ ራንጌል ምስጋና ያቀርባል። ስለዘገየም ይቅርታ ይለምናል። ቅዳሜ መቃብሯ ዘንድ ንፍሮ አለና ኑ።»

ዝላቲና አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «ጋሼ፣ ምስጋና ከአራቱ የትኛው ነው? አላስተማሩንም።»

«አላውቅም» አለ ራንጌል። «ስታትሚ አስብበታለሁ።»

«ስንት ቅጂ?»

«ስንት ምሰሶ አለ ከተማው ውስጥ?»

«እኔ እንጃ። ሃምሳ?»

«ሃምሳ አትሚ።» ከዚያ ሊወጣ ሲል ተመለሰ። «ዝላቲና፣ እግዜር ይስጥሽ። ትናንትን ማለቴ ነው።»

«ሂዱ ጋሼ፣ አታስለቅሱኝ፣ ሥራ አለብኝ።»

ወረቀቱን ካሜን ምሰሶ ላይ እንዲያነበው አልፈለገም። አንዱን ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ። ካሜን ግቢው ውስጥ እንጨት ይፈልጥ ነበር። መጥረቢያውን አላስቀመጠም። ራንጌል ወረቀቱን ሰጠው፤ ካሜን አነበበና መልሶ ሰጠው።

«አንድ ዓመት ሙሉ፣ ጋሼ።»

«አንድ ዓመት።»

«ልጄን ትምህርት ቤት ምን እንደሚሏት ያውቃሉ?»

«አላውቅም። ንገረኝ።»

ካሜን ነገረው። ሳይቸኩል፣ አንዱንም ሳያስቀር ነገረው፤ ሚስቱ ገበያ የሰማችውን፣ እሱ በር አንኳኩቶ የታመመ ሰው ቤተሰብ ፊቱ ላይ የዘጋበትን። ራንጌል በረዶው ላይ ቆሞ ሰማ። «አላውቅም ነበር» አላለም። «ሚንቾ ነው ያሳሳተኝ» አላለም።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ ሲጨርስለት። «ሳልጠይቅ ነው ያመንኩት።»

«እርስዎ!» አለ ካሜን። «ሌላ ሰው ቢሆን እኮ ምንም አይደል። እርስዎ!» መጥረቢያውን ግንዱ ላይ ተከለው። ከዚያ «ይግቡ፣ ብርድ ነው» አለ።

ወጥ ቤት ተቀመጡ። ካሜን ሁለት መለኪያ ራኪያ ቀዳ፤ ለሞተች ሰው ነውና ከየመለኪያቸው ጠብ አደረጉ፣ ሳያጋጩ ጠጡ። የጀርመኑ ወረቀት በመጋቢት እንደሚመጣ፣ ይሂድ አይሂድ ገና እንዳልወሰነ ነገረው። ራንጌል «አትሂድ» ለማለት አፉን ከፍቶ ተወው፤ ያንን የሚሸከመው እሱ አይደለም።

«በአርባው ቀን ወደርስዎ መጥቼ ነበር» አለ ካሜን። «እትዬ ነድያልካ ያሉትን ልነግርዎ። ፊትዎን አዞሩ።»

ራንጌል መለኪያውን አስቀመጠ። «ተናገረች?»

«መኪናው ውስጥ። ኦክስጅኑን ሳስተካክልላቸው ትኩር ብለው አዩኝና ‹አንተ ያ ምስር የማትበላው ነህ› አሉኝ። ‹አሁን እበላለሁ› አልኳቸው። ‹ውሸታም› አሉኝ።»

ራንጌል ሳቀ። ሳቁ ራሱን አስደነገጠው፤ ከሳቀ ቆይቶ ነበር።

«ከዚያ ‹ራንጌል እየመጣ ነው?› አሉ። ‹በጋሽ ሚንቾ መኪና ከኋላችን ናቸው› አልኩ። ‹ኮት ለብሷል?› አሉኝ።» ካሜን ወደ ጠረጴዛው አየ። «እኔ አላየሁም ነበር ጋሼ። ጉዳዬ ሌላ ነበር። ‹ለብሰዋል፣ ወፍራሙን› አልኳቸው። ‹ደግ› አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ለብሰው ነበር?»

ራንጌል ያን ጠዋት በቤት ሹራብና በነጠላ ጫማ ነበር የወጣው። ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ አንዲት ጽዳት ሠራተኛ ናት ብርድ ልብስ ያለበሰችው።

«አልለበስኩም» አለ። «ለብሷል ስላልካት እግዜር ይስጥህ።»

ካሜን ራሱን ነቀነቀ፤ ሌላ ሊቀዳ ጠርሙሱን አነሣ። ራንጌል መለኪያውን በእጁ ከደነ።

«እሱ ይቆየን። እስቲ ከመጀመሪያው ንገረኝ» አለው። «ከግቢያችን ስትወጡ ጀምረህ። ያለችውን ሁሉ።»

ካሜን ጠርሙሱን መልሶ አስቀመጠና ከመጀመሪያው ጀመረለት።